ደወል፣ ሹካና ፊሽካ

ከመቀመጫ ጋር ተጣልቼ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ በተጋባን ሰሞን በፍቅር ጠርቦ በርጩማ ሠራልኝ። ያቺ በርጩማ ያረጀችው ግን ድመቷ ተቀምጣባት ነው። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ የባለቤቴ መቀመጫ ናት፤ ይቺ ደግሞ የባለቤቴ ምትክ» እያለ በርጩማዋንም ድመቷንም ያስተዋውቃል። እኔ ቆሜ እበላለሁ፣ ቆሜ ምስር እለቅማለሁ፣ ስታመም እንኳ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምታመም። ማንበብ የተማርኩትም ቆሜ ነው። ፊደሉን የካ ሚካኤል አጥር ሥር ልጆች ሲቆጥሩ በዚያ ሳልፍ ሳገድም ሰረቅሁት፤ ንባቡን ደግሞ ጋሽ ከድር ሱቅ በር ላይ፣ ስኳር የሚጠቀልሉበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ለመድኩት። የስኳር ጋዜጣ መጀመሪያውም መጨረሻውም የተቀደደ ስለሆነ የዓለምን ወሬ ሁሉ የማውቀው ከመሐሉ ነው። አንድ መርከብ ባሕር ላይ እሳት ተነሥቶበት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰዎቹ ተርፈው እንደሆነ ግን ማን ይንገረኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው እግሬን ይበላኛል።

እንዲህ ላለች ሴት ምሥጢር አይሰጣትም። ምሥጢር ቁጭ ብለው የሚይዙት ዕቃ ነው፤ እየሮጡ ሲይዙት ይደፋል።

እኔ ግን አንድ ምሥጢር ነበረኝ፤ ያውም የራሴ ያልሆነ። የጎረቤቴ የአዴ ጫልቱ ነበር። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ እንጦጦ ትከሻውን በሚያወርድበት በኩል፣ ቤታችን ከቤቷ ጋር በአንድ አጥር ይካለላል። እነ አዴ ጫልቱ ከተማው ሳይደርስባቸው ገብስ የሚያበቅሉ ገበሬዎች ነበሩ። ከተማው ሲደርስባቸው ባሏ የሰው ግቢ ዘበኛ ሆነ፣ እሷ ወተት ሻጭ ሆነች። በአጥሩ ቀዳዳ እሳት እንጫጫራለን፣ ጨው እንቀባበላለን፣ እሷ በኦሮምኛ ስትጀምረው እኔ በአማርኛ እጨርሰዋለሁ፣ የቀረውን ደግሞ በሳቅ እንሞላዋለን። በዚያ ቀዳዳ የማያልፍ ወሬ አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር።

ያ አንዱ ቢፍቱ ናት። የመጨረሻ ልጇ። ስትወለድ እልልታውን ሰምተናል፣ ገንፎውንም በልተናል። ዳዴ ስትል አይቻታለሁ። ከዚያ ክፉ ትኩሳት ያዛት፤ ከትኩሳቱ ተነሣች፤ ከተነሣች ወዲህ ግን ስትጠራ የማትዞር ልጅ ሆነች። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ከፊት ለፊት ግቢ ጠፋች። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጎህ ሲቀድ በጓሮ በር ትወጣና ከእንጨት ለቃሚዎቹ ኋላ ኋላ ሄዳ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ ትመለሳለች። እኔ በቀዳዳው አያታለሁ። አዴ ጫልቱም እንደማይ ታውቃለች። ግን አልተነጋገርንበትም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት እርግማን አለበት ስለሚባል ታላላቆቹን ሴቶች ልጆች ለትዳር የሚጠይቅ ይጠፋል። አዴ ጫልቱ ቤት ደግሞ ታላቅየዋ ልጅ ለመጠየቅ የደረሰች ነበረች። ስለዚህ እኔ አላየሁም፤ እሷም የሚታይ ነገር የላትም። ጉርብትና ማለት ይኸው ነው፣ አንዳንዱን ነገር አብሮ አለማየት።

እንግዲህ በዚህ መሐል የአጎቴ ልጅ ተሾመ መጣ።

ተሾመ የቤተሰባችን ጭንቅላት ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ጨረሰ ብለን ድግስ ደግሰን ሳናበቃ፣ አልጨረስኩም ብሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ማዶ ተሻገረ። አሁን ደግሞ ጥናት ላካሂድ ነው ብሎ በመነጽርና በከረባት እኛ ቤት አረፈ።

«ምንድን ነው የምትማረው?» አልኩት፣ ቆሜ።

«የማይሰሙና የማያዩ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ነው፣ እትዬ።»

«ካልሰሙ እንዴት ብለው ይማራሉ?»

«እሱን ነው የምማረው።»

ባለቤቴ ከመጥረቢያው ቀና ብሎ «እንግዲያው ገና ነህ ማለት ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ሻንጣውን ሲፈታ ከውስጡ የወጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ትንሽ የእጅ ደወል። ሌላው ሁለት ጥርስ ያለው እንደ ሹካ ያለ ብረት። ብረቱን መታ ሲያደርጉት እንደ ንብ ይዘምራል። የመስማት መፈተኛ ነው አለኝ። ይህንን ያለኝ ግን በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ለፓስታ ይሆናል ብዬ አጥቤ ከማንኪያዎቹ ጋር አስቀምጬው ነበር። ተሾመ ቤቱን አገላብጦ ፈልጎ፣ የአሜሪካ ይሁን የእንግሊዝ ብቻ በብዙ ልመና የተዋሰው መሣሪያ ሽሮ ማማሰያው አጠገብ ተሰቅሎ ሲያገኘው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሹካ አይደለም» አለኝ። ጥርሱን ቆጥሬ እኔም ጠርጥሬ ነበር።

ከዚያ ችግሩን ነገረኝ። አስተማሪው፣ አንዲት የፈረንጅ ሴት፣ አዲስ አበባ መጥታለች። በሚመጣው ቅዳሜ የደረሰበትን ልታይ እዚሁ ድረስ ትመጣለች። እስከዚያ የማይሰማ ልጅ ፈልጎ ካላገኘ፣ ጥናቱን ትተህ ሌላ ርዕስ ያዝ ትለዋለች። ያም ይሁን፣ የተሾመን ዲግሪ እሱ ይወቀው። ግን ቀጠለ። የማይሰሙ ልጆች የሚማሩበት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ልጆቹ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ በእጃቸው መናገር፣ መጻፍና ማንበብ ይማራሉ። አንዲት ቦታ ቀርታለች። ቦታዋን የምትሰጠው ይቺው አስተማሪ ናት። ከየካ ልጅ ካልተገኘ ለሌላ ሰፈር ይሆናል።

ይህን ሲለኝ ከአጥሩ ወዲያ የቅጠል ከረጢት መሬት ላይ ሲራገፍ ሰማሁ። ልጅቱ ጫማ ብወረውር የምትደርስበት ቦታ ነበረች። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እንዴት ብዬ ልናገር? የሰው ጓዳ በእኔ አፍ ሊከፈት ነው? አዴ ጫልቱ ወልዳ የደበቀችውን እኔ በወሬ ላውጣው?

«ልጆች እኔ እሰበስብልሃለሁ» አልኩና ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

የኔ ጅልነት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ እየገባሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ልጅ የሚያይ ምሁር መጥቷል አልኩ። «ምን ዓይነት ልጅ?» ሲሉኝ ጣራ ጣራ አያለሁ። የማይሰማ ልጅ የሚለው ቃል አፌ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይወርዳል። እናት ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ይባላል? «ያው… ልጅ ነዋ» እላለሁ። ደግሞ በየቤቱ ሳይቀመሱ መውጣት የለም፤ እዚህ ዳቦ፣ እዚያ ንፍሮ፣ ከዚያ ጠላ። መጨረሻ ላይ አዴ ጫልቱ በር ስደርስ በሆዴ ክብደት ልቀመጥ ምንም አልቀረኝ።

«ልጆችሽን ሁሉ አምጪ» አልኳት።

«አመጣለሁ።»

«ሁሉንም ነው ያልኩሽ፣ አዴ ጫልቱ።»

አየችኝ። «ሁሉንም አልኩሽ እኮ» አለችና የወተት ዕቃዋን ማጠብ ጀመረች። ፊቷ እንደ በር ተዘጋ።

እሑድ ግቢያችን ሞላ። ግን ምን ዓይነት ሙላት። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ልጅ ሊያይ ነው ከተባለ፣ እናት ከልጆቿ መሐል የትኛውን ታመጣለች? የተባረከውን ነዋ። ጎበዙን፣ ቀልጣፋውን፣ አፈ ጮሌውን አጥባ፣ ፀጉሩን ቅቤ ቀብታ ታመጣለች። አንዱ ዳዊት በቃሉ ያነበንባል። ሌላዋ አጎቷ ያስተማራትን በጣሊያንኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ደረጀ ደግሞ ሳይጠየቅ አጥር ላይ ወጥቶ የመኪና ዓይነቶችን በድምፃቸው ለይቶ መናገር ያዘ፤ መኪናዋ ገና ሾላ ገበያ ሳትደርስ «ይቺ ፍሬኗ የላላ ነው» ይላል። አዴ ጫልቱ ታላላቆቹን ልጆች አሰልፋ መጣች። ሁሉንም፣ ከአንዷ በቀር።

ተሾመ እንደ ትምህርቱ ከልጆቹ ኋላ ተደብቆ ደወሏን ቅጭል አደረጋት። ግቢው በሙሉ እንደ አንድ ሰው ዞረ። ሹካውን አዘመረ፤ ከጥግ ያለችው ሕፃን ሳትቀር «ንብ፣ ንብ» እያለች ሮጠች።

«እትዬ» አለኝ ወደ ጓዳ ስቦኝ፣ «እንዲህ የሚሰማ ሰፈር በሕይወቴ አላየሁም።»

«ጥሩ ነዋ።»

«እኔ እኮ የማይሰማ ነው የምፈልገው። አልነገርሻቸውም?»

አልነገርኳቸውም። ማክሰኞ ዕለት ብስጭቴ ይሉኝታዬን አሸነፈውና ውኃ መቅጃው ላይ ለወይዘሮ ዘነበች ፍርጥ አደረግሁላት። ለሌሎቹ መንገር አላስፈለገኝም፤ ለወይዘሮ ዘነበች የነገሩት ነገር ጠዋት የካ ከሆነ ቀትር ላይ ቀበና ነው። የማይሰማ ልጅ ነው የተፈለገው፤ ትምህርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ልብስ አለ፣ የወተት ዱቄት አለ አልኳት። የወተት ዱቄቱን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ለማሳመር።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ስከፍት እሑድ ዕለት ንብ የሰሙት ልጆች በሙሉ ደንቁረው ቆመዋል። እናቶቻቸው ያዘነ ፊት ይዘዋል። ወይዘሮ ዘነበች ደረጀን በክንዱ ይዛ፣ «እሑድ ማታ ነው የጀመረው፣ ጆሮው ጠፋ፣ ቀጥ አለ» ትለኛለች። ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ ደግሞ በሹክሹክታ፣ «እንዳትሰማ ነው ያልኩህ፣ ገባህ?» ትላለች። «እሺ እማዬ» ይላል በሹክሹክታ።

ተሾመ ምስኪን፣ እውነት ይሆናል ብሎ ደወሉን አነሣ። ደወለ፤ ማንም አልዞረም። ሹካውን አዘመረ፤ ድንጋይ ናቸው። ፊቱ ሲበራ አየሁና አዘንኩ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቦታው ሆኖ ሁሉን ሲመለከት ቆየና ሌላ ነገር የሚያወራ መስሎ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ «ጋሽ ከድር ካራሜላ በነጻ እያደለ ነው አሉ» አለ። ግቢው ባዶ ሆነ። ደረጀ አጥሩን ሲዘል አንድ ጫማውን ጥሎልን ሄደ።

ተሾመ በርጩማዬ ላይ ከድመቷ አጠገብ ተቀመጠ። «በቃ» አለ፣ «ቅዳሜ ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው። ሌላ ርዕስ እፈልጋለሁ።»

እኔ ግቢውን እዞራለሁ። ከአጥሩ ወዲያ የቅጠል ጭስ ይሸታል፤ ቢፍቱ የጠረገችው ቅጠል። ያቺ አንዲት ቦታ ለሌላ ሰፈር ልትሄድ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ሕይወቷን ሙሉ ጎህ ሲቀድ በጓሮ በር እየወጣች ልትኖር ነው። እኔ ደግሞ ቃሏን ጥርሴ ሥር ይዤ እዞራለሁ። «ሴትዮ፣ ቁጭ ማለት በአዋጅ ተከለከለ እንዴ?» ይላል ባለቤቴ። በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ በእግሬ ያወጣሁት መንገድ ሣር አልበቀለበትም።

በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ። እኔ አልናገርም። ተሾመን ግን ልጅቱ ያለችበት ቦታ ወስጄ ባቆመውስ? ዓይን የራሱ ነው። ካየ አየ ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ?

ዓርብ ጠዋት፣ «ነፋስ መቀበል አለብህ፤ ገርጥተሃል» አልኩት።

«እዚህም ነፋስ አለ እኮ።»

«የእንጦጦው ይሻላል።»

ይሻላል ያልኩትን ነፋስ ለማግኘት አቀበት መውጣት እንዳለበት አልነገርኩትም። በከረባቱና ከባሕር ማዶ ባመጣት ለስላሳ ጫማ ተከተለኝ፤ የደወሉን ቦርሳም አልለይም ብሎ አንጠልጥሏል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዚያ ጫማ ሲረገጥ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሁለት እርምጃ ይወጣል፣ አንዱን ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ ቁጥር ቦርሳው ቅጭልጭል ይላል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ በሸክማቸው ሥር ሆነው ያዩታል። «ይቺ ላም የማን ናት?» አለች አንዷ፣ ቀና ሳትል።

«እትዬ፣ ቀስ በይ» ይለኛል ከኋላ።

«ቀስ ማለት አልተማርኩም፤ ጋዜጣው ላይ አልነበረም» እለዋለሁ ከፊት።

ዛፉ ሳሳ ያለበት አንድ ሜዳ ላይ ደረስን። ሴቶችና ልጆች ተበታትነው ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ። ከዳር፣ በቢጫ ጨርቅ ራሷን ያሰረች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ትጠርጋለች። አጋጣሚ እንዲመስል አንድ ጉቶ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?» አለ ተሾመ ደንግጦ።

«ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው።»

እሱ አጠገቤ ተቀመጠና ጫማውን አውልቆ ማየት ያዘ። እኔ ወደ ልጅቱ አያለሁ፣ ወደ እሱ አያለሁ። እሱ የጫማውን ሶል ያያል። ወደ ልጅቱ በአገጬ ጠቆምኩ፤ «አዎ፣ ዕይታው ያምራል» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ ጉሮሮ ሕመም አንድ ነገር ነገረኝ። ምሁር ከፊቱ ያለውን ነገር እንዲያይ ለማድረግ ስንት ዘዴ እንደሚያስፈልግ ያኔ ባውቅ ኖሮ ያንን ሁሉ አቀበት አልወጣም ነበር።

በዚህ መሐል ከዛፎቹ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ።

የደን ዘበኛው ነው። እንጨት ለቃሚ ፊሽካ ሲሰማ የሚያደርገውን የማታውቁ ከሆነ ይኸውላችሁ፤ ሸክሙን ያነሣና ይበራል። ሜዳው እንደ ቆቅ መንጋ ተበተነ። ሁሉም ሲሮጥ ያየው ተሾመም ተነሥቶ ሮጠ። አንድ እግሩ ባዶውን፣ ደወሉ ቦርሳው ውስጥ እየጮኸ፣ ባሕር ማዶ ያስተማረው የመንግሥት ገንዘብ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየተጋጨ ሲሮጥ አየሁት።

ያልሮጠች አንዲት ብቻ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቀስ ብላ፣ ቅጠሏን ወደ ራሷ እየሳበች ትጠርጋለች። ፊሽካው ደገመ፤ አሁን ቅርብ ነው፣ ከኋላዋ። ትጠርጋለች።

ተሾመ መሐል ሩጫው ላይ ቆመ። ዞረ። መነጽሩን አስተካከለ።

ዘበኛው ከዛፎቹ ወጥቶ መጣና ከረጢቷን ሳብ አደረገ። ያኔ ነው የዘለለችው። ግን ከዘለለች በኋላ ያደረገችውን አልረሳውም። አላለቀሰችም፣ አልታገለችም። ከረጢቷን ለቀቀችለትና እጇን ወደ ጎኗ አወረደች፤ ብዙ ጊዜ እንደለመደችው ነገር። ሁሉም ሲያመልጥ ሁልጊዜ የምትያዘው እሷ እንደሆነች በዚያች እጅ አወራረዷ ገባኝ።

ጉቶዬን ትቼ ደረስኩ።

«ይቺን አውቃታለሁ» ይላል ዘበኛው። «እልኸኛ ናት። ፊሽካ ስነፋ አገሩ ይሮጣል፣ እሷ ንቃኝ ትቆማለች። ዛሬ ወላጇን ሳላገኝ አልለቃትም። የማን ልጅ ናት?»

የአዴ ጫልቱ ናት ልል ነው? ያንን ሁሉ ጊዜ ጥርሴ ሥር ይዤው፣ ለደን ዘበኛ ልተፋው?

«የኔ ናት» አለ አፌ።

«ያንቺ?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ጥሪያትና ትምጣ።»

«ቢፍቱ» አልኩ። ልጅቱ ወገቡ ላይ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች ታያለች። «ቢፍቱ» አልኩ ከፍ አድርጌ።

«አንቺንም አትሰማሽም እኮ» አለ።

«እናቷን የምትሰማ ልጅ የት አገር አይተሃል?» አልኩት። እሱም ልጆች ሳይኖሩት አልቀረም፣ ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ ጊዜ ተሾመ እያነከሰ መጣ። «ጌታው» አለ ዘበኛውን፣ «ፊሽካውን አንድ ጊዜ ይንፉልኝ።» ዘበኛው በሕይወቱ ፊሽካ ንፋ ተብሎ ተለምኖ አያውቅም። ነፋ። «በቀኝ በኩል ሆነው።» ነፋ። «በግራ።» ነፋ። «እስቲ ራቅ ብለው፣ ከዚያ ዛፍ ኋላ።» ሰውየው ደስ እያለው ከዛፍ ዛፍ እየሄደ ይነፋል፤ ተሾመ የልጅቱን ፊት ያያል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው የነበሩት ሴቶች በነፋ ቁጥር ብድግ እያሉ ይሸሻሉ። በመጨረሻው ፊሽካ ጉለሌ ሳይደርሱ አልቀሩም።

ዘበኛው ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። «አትሰማም እንዴ?» አለ።

«አትሰማም» አለ ተሾመ።

ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከረጢቷን አነሣ፣ የፈሰሰውን ቅጠል በእጁ ሰብስቦ መለሰበት፣ ልጅቱን አሸከማትና ሄደ።

ሰው እግር ሲያወጣ ወሬ ክንፍ ያወጣል። እኛ ቁልቁል እስክንወርድ «የኔ ናት» ያልኩት ነገር የካ ደርሶ፣ በልቶ ጠጥቶ ወፍሮ ነበር። ጎረቤቷ ልጇን ወሰደችባት ይላል አንዱ። ለፈረንጅ ልትሰጣት ነው ይላል ሌላው። አዴ ጫልቱ ልጇን ከእጄ ተቀብላ በሯን ዘጋችብኝ። ቤቴ ገብቼ ወደ አጥሩ ስሄድ፣ እሳት የምንጫጫርበት ቀዳዳ በጭድና በጨርቅ ተወትፏል።

ያንን ውታፍ ሳይ እውነትም ታመምኩ። ግድግዳ ተደግፌ።

ቅዳሜ ጠዋት የተሾመ አስተማሪ በመኪና መጣች። ሸበቶ፣ ቀጠን ያለች፣ ለሁሉ ፈገግ የምትል ሴት ናት። ወይዘሮ ዘነበችና ጓደኞቿ ተስፋ አልቆረጡም፤ ልጆቻቸውን አደንቁረው ቀድመው ቆመዋል። አስተማሪዋ ልጅቱ የት ናት ብላ ጠየቀችው። ተሾመ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አጥሩ አየሁ። ቤቷ እዚያ ነው፣ በሯ ይታያል፤ ጣቱን አንሥቶ ማመልከት ግን አቃተው። ባሕር ማዶ ሁሉን አስተምረው ልከውልናል፣ ይሉኝታውን ግን አላስተዉትም። ሴትየዋ ሰዓቷን አየች።

ያኔ የግቢው በር ተከፈተ። አዴ ጫልቱ ናት። የበዓል ልብሷን ለብሳለች። ቢፍቱን በእጇ ይዛለች፤ የልጅቱ ፀጉር ተሠርቷል፣ ቅቤው በግንባሯ ይወርዳል፣ የእህቷ የሆነ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል። ታላቅየዋም ከኋላ ተከትላለች።

አዴ ጫልቱ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«የኔ ናት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወልደሻታል?»

«አልወለድኳትም።»

«እንደ እሳት ስትነድ ያቀፍሻት አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ አዴ ጫልቱ።»

«እኮ» አለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። ድምፏን ከፍ አደረገች። «ቢፍቱ የኔ ልጅ ናት። ጫልቱ ናት የወለደቻት። ጆሮዋ አይሰማም፤ ልጄ ናት። የሰማ ይስማ።»

«ሰምተናል፣ አዴ» አለ ደረጀ።

ወይዘሮ ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የሳቀው ባለቤቴ ነው፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ፤ መጨረሻ አዴ ጫልቱ ራሷ፣ እንባዋ እየወረደ። የምትስቀውም የምታለቅሰውም በኔ ትከሻ ላይ ነበር፤ በዚህም ታረቅን።

አስተማሪዋ ተንበርክካ ሹካውን መታ አደረገችና እጀታውን የቢፍቱ አገጭ ላይ አስነካችው። ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ። የሚዘምረው አጥንቷ ውስጥ ነው። ብረቱን ነጥቃ እንደገና መታችው፣ አገጯ ላይ አደረገችው፣ ሳቀች። ከዚያ ሄዳ እናቷ ጉንጭ ላይ ለጠፈችላት፤ አንቺም ስሚው እንደማለት። ቦታዋ የማን እንደሆነች ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። አዴ ጫልቱ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። «ትመለሳለች?» አለች። በየዕረፍቱ ትመለሳለች ተባለች። «እንግዲያው በፊት ለፊቱ በር ትገባለች» አለች።

ተሾመ ጥናቱን ጻፈ። በምን መሣሪያ ፈተንክ ብለው ሲጠይቁት ፊሽካ ብሎ እንደመለሰና ሰዎቹ እርስ በርስ እንደተያዩ ነግሮኛል፤ ግን አሳለፉት። ታላቅየዋን የሚጠይቅ ይጠፋል ያልነውም ከንቱ ሆነ፤ በዓመቱ ሽማግሌ መጣባት። ድግሱን እኔ ቆሜ አሳለፍኩ።

ቢፍቱ ለመጀመሪያው ዕረፍት ስትመጣ በፊት ለፊቱ በር ገባች። እጆቿ እንደ ወፍ ናቸው፤ ዝም አይሉም። አዴ ጫልቱ ልጇን በእግሯ መሬት መታ አድርጋ መጥራት ለምዳለች፤ ልጅቱ በእግሯ ትሰማለች። እነሱ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በእጅ የሚባል ስም ያወጡለታል። ተሾመ ሁለት ጣት ክብ አድርጎ ዓይን ላይ ነው። የደን ዘበኛው ጣት ከንፈር ላይ። ባለቤቴ መዳፍ በመዳፍ ላይ ማሸት፣ እንጨት ሲልግ። ውታፉ በወጣለት ቀዳዳ ስንተያይ፣ «የኔስ?» አልኳት በአገጬ።

መዳፏን ዘረጋች። በሌላው እጇ ሁለት ጣቶች እንደ እግር በመዳፏ ላይ አሮጠች፤ ከጫፍ ደረሱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዞሩ። እንዲቀመጡ ብጠብቅ አልተቀመጡም። አዴ ጫልቱ ከኋላዋ ሆና በሳቅ ወደቀች።

ይህንን ስጽፍ ስሜን ላስገባ ብዬ ነበር፤ ለዚያኛው ስሜ ግን ፊደል አጣሁለት። የፈለገኝ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ሁለት ጣቶቹን ያሩጥበት። የካ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ቤት ስትመጡ ድመቷ ተቀምጣ ትቀበላችኋለች፤ እኔ የት እንዳለሁ ታሳያችኋለች።